ሰጋቱራ ያጠራው ውሃ

«እርስዎ ነዎት አሉ የውሃው ሐኪም?»

ሳፋው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ጭቃ ተፈናጥሮ የኬሚስቷን ነጭ ጋዋን ነካው። ሳፋው ውስጥ የጎመን ችግኝ ታጭቋል፤ ቅጠሉ እሳት የላሰው ይመስል ከዳር ዳር ተጠብሶ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ችግኙን ይዛ የመጣችው ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከኋላዋ የበሩ ዘበኛ እያለከለከ ደረሰ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቁሚ ብላት አሻፈረኝ አለች። ገፍትራኝ ነው የገባችው።»

«ግዴለም፣ ተዋት። የባለቤቴ እህት ናት።»

«የባለቤቴ እህት!» ሴትዮዋ ወደ ዘበኛው ዞረች። «ሰማህልኝ? ለካስ ዝምድናችን አልተረሳም። እኔ እኮ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ዓይናቸውን የሚያዞሩት ረስተውኝ መስሎኝ ነበር።»

ዘበኛው ሁለቱን ሴቶች በየተራ አያቸውና ነገሩ የቤተሰብ መሆኑ ሲገባው ቀስ ብሎ ወጣ።

ኬሚስቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ባሏ ይህችን ታላቅ እህቱን እታለም ይላት ነበር፤ እሷም ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ያንኑ መጠሪያ ወስዳ እታለም ስትላት ኖራለች። አንቺ ተባብለው የኖሩ ናቸው። የዛሬው «እርስዎ» የአክብሮት እንዳልሆነ ለማወቅ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ከባሏ ቀብር ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

«እታለም፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። እርስዎ ይቀመጡ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

ኬሚስቷ አንድ ቅጠል ቀጥፋ በጣቷ አሸችው። እንደ ደረቀ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ጥያቄውን ሳትጠይቅ መልሱን አውቃዋለች፤ ቢሆንም ጠየቀች።

«በምን ውሃ ነው ያጠጣሽው?»

«በእርስዎ ውሃ ነዋ! ሌላ ምን ውሃ አለ? የኛ ጉድጓድ ከደረቀ ቆየ።»

«ከቦዩ?»

«ከቦዩ።»

«ማን ነው አጠጪበት ያለሽ?»

«ዓይኔ። ዓይን ሰጥቶኝ የለ? በፊትማ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሲለው ደግሞ ከሰል መስሎ ሲመጣ ማን ይጠጋዋል? ዶሮ እንኳ ትሸሸው ነበር። አሁን እርስዎ አጠሩት። ያን ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ አይተናል። ሁለቱን ብርጭቆ።»

የሁለቱ ብርጭቆ ነገር ማጣሪያው የተመረቀ ዕለት የሆነ ነው። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ብርጭቆ ከቧንቧ፣ ሌላውን ከማጣሪያው መውጫ አስሞልቶ እንግዶቹን «የትኛው የትኛው ነው?» አላቸው። የለየ አልነበረም። ተጨበጨበ። ቅመሱት ያለ ሰው የለም፣ የቀመሰም የለም፤ በአጥሩ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ግን ጭብጨባውን ነው የሚያየው። ብርጭቆዎቹን አጥባ ያቀረበችው ኬሚስቷ ነበረች።

ማጣሪያው ከላቦራቶሪው መስኮት ወዲያ ነው። በደረጃ የተሠሩ የሲሚንቶ ገንዳዎች ናቸው፤ ውስጣቸው ከአናጺ ቤት የመጣ ሰጋቱራና የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተሞልቷል። ሰጋቱራው በቀላል አሲድ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ገንዳ ይገባል። ከጨርቅ ማቅለሚያው ክፍል የሚመጣው ውሃ ከላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይገባና ከታች ጠርቶ ይወጣል፤ ቀለሙ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ውድ ማሽን የለበትም። ሌላው የሚጥለውን ነገር ነው የሚጠቀመው። ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሁሉ እሜቴ ሰጋቱራ ይላታል፤ መጀመሪያ ሊሳለቅባት፣ ማጣሪያው ከሠራ በኋላ ደግሞ ከልማድ።

ሰጋቱራው የማይዘው ጨውንና ሶዳን ነው። ቀለሙ ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ሁለቱም በገፍ ይጨመራሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከውሃው ጋር አብረው ይወጣሉ። ዓይን አያያቸውም። ኬሚስቷ ይህን ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር። ለሥራ አስኪያጁም ነግራዋለች፤ እሱም «ቀጥሎ እናየዋለን» ብሏታል። ያላሰበችው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲዘለው የኖረውን ቦይ ማን ይነካዋል ብላ ነበር።

«ውሃው ቀለሙ ነው የወጣለት እንጂ ንጹህ አይደለም፣ እታለም። ጨው አለበት፣ ሶዳ አለበት። ችግኙን የጠበሰው እሱ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ?» እታለም ሳቀች፤ ሳቋ ጥርሷን ብቻ ነው ያሳየው። «እኛ ታዲያ በምን እንወቅ? ወንድሜ ሲሞት ስሙ አብሮት ጉድጓድ ገባ። የሱ ሰጋቱራ ግን የእርስዎን ስም በየቦታው አስጠራ። ያስጠራ፣ ግዴለም። ለኔ ደግሞ ይኼ ደረሰኝ!» ሳፋውን በእጇ ገፋችው።

ኬሚስቷ ሳፋውን ወደ ጠረጴዛው መሐል መለሰችው። የመጀመሪያዎቹ የሰጋቱራ ማዳበሪያዎች የመጡት እውነትም ከባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ አፉ እንደተሰፋ እስከ ዛሬ ዕቃ ቤት ጥግ ቆሟል።

«ሰዎቹን አነጋግራቸዋለሁ» አለች። «እንዳይጠቀሙበት እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ?» እታለም ንዴቱ ሲብስባት «እርስዎ»ን ረሳችው። «ከአጥሩ ወዲያ ወርደሽ ታውቂያለሽ? ነይ! ጫማሽን ጭቃ ይነካብኛል ካላልሽ ነይና ንገሪያቸው!»

ኬሚስቷ ሰዓቷን አየች። ከሰዓት በኋላ የፋብሪካውን ጨርቅ በብዛት የሚገዛው ድርጅት ሰዎች ማጣሪያውን ሊያዩ ይመጣሉ። ውል የሚታደሰው በእነሱ ቃል ነው። ጊዜ አላት። ሶዳ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ኪሷ ከተተችና እታለምን ተከተለች።



ቦዩ ከፋብሪካው አጥር ሥር ወጥቶ በቤቶቹ ጓሮ በኩል ይሄዳል፤ መጨረሻው የእታለም ማሳ ነው። ኬሚስቷ ከመስኮቷ የምታየው እስከ መታጠፊያው ያለውን ብቻ ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ስታይ እግሯ ቆመ። ሴቶች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ልብስ ያጥባሉ። ገመድ ላይ አንሶላ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ልጅ እግር እናት ጣሳ እየነከረች በሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ራስ ላይ ታፈሳለች፤ ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ ይጮሃል።

«ይችውላችሁ!» አለች እታለም ጮክ ብላ። «እሜቴ ሰጋቱራ ራሷ መጥታለች። የምትነግራችሁ አላት።»

ኬሚስቷ ወረቀቱን ቦዩ ውስጥ ነከረች። ወዲያው ጠቆረ። ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይሄ ማለት ውሃው ውስጥ ሶዳ አለ ማለት ነው። ቆዳ ይበላል። ለመጠጥም፣ ለገላም፣ ለአትክልትም አይሆንም።»

«ሶዳማ ጥሩ ነዋ!» አለች አንሶላ የምትጨምቅ ወፍራም ሴት። «እኔም እኮ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሚያሙለጨልጨው እላለሁ። ሳሙናችንን ግማሽ በግማሽ ነው ያተረፈልን። እግዜር ይስጥሽ!»

ሳቁ ቦዩን ተከትሎ ሄደ።

«እጃችሁን አሳዩኝ» አለች ኬሚስቷ።

«ለምን? ልታነቢልን ነው?»

ቢሆንም አንዷ ዘረጋችው። የመዳፏ ቆዳ በየመስመሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቧ ያለችው የራሷን አየች፣ ከዚያ ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገችው። ኬሚስቷ ከዚያ በላይ አላየችም። ዓይኗ ሕፃኑ ላይ ነበር። ከጉልበቱ በስተኋላና ብብቱ ሥር ቆዳው ቀልቷል።

«ልጁን ከዚያ ውሃ አውጪው።»

«ልጄን ተይልኝ!» እናትየዋ ሕፃኑን ከነውሃው አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ሙቀት ነው። ሙቀት አውጥቶበት ነው።»

«ሙቀት አይደለም። ሶዳው ነው።»

«አንቺ ልጅ አለሽ?»

የልብስ ድብደባው ቆመ። እታለም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

«የለኝም» አለች ኬሚስቷ። «ልጁን በንጹህ ውሃ አለቅልቂው።»

«ከየት አምጥቼ? ከሰማይ?»

«ማስታወቂያ እናቆማለን» አለች ኬሚስቷ፣ ለእናትየዋ ሳይሆን ለሁሉም። «ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ።»

«ኧረ ባክሽ፣ ወፈር ያለ ቆርቆሮ ይሁን!» አለች ወፍራሟ ሴት። «በቀደም ዘመን ያቆማችሁት የኔ ሽንት ቤት በር ሆኗል። እስካሁን ምንም አልሆነ።»

«ምን የሚል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። የራስ ቅል አለበት። የመጣ እንግዳ ሁሉ እያየ ይስቃል።»

እንደገና ተሳቀ። ያልሳቀችው ሕፃኑን ያቀፈችው እናት ብቻ ናት። 

«እኛ ማስታወቂያ አያሻንም ነበር እኮ» አለች። «ቀይ ሲሆን አንነካውም ነበር፣ በቃ። ማንም ሳይነግረን። ዳዴ የሚል ልጅ እንኳ ያውቀው ነበር። አሁን መስተዋት አስመስለሽ ትልኪልንና ደግሞ ለምን ነካችሁ ትይናለሽ?»

ኬሚስቷ የጠቆረውን ወረቀት በእጇ እንደያዘች ቆመች።  ወደ ፋብሪካው ስትመለስ ከኋላዋ የልብስ ድብደባው እንደገና ተጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ማጣሪያው አጠገብ ቆሞ ጠረጴዛ ያስዘጋጃል። ነጩ ጨርቅ ወጥቷል። ሁለት ብርጭቆ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«የት ነው የጠፋሽው? ይሄን እይልኝ እስቲ» አለ ወደ መጨረሻው ገንዳ እየጠቆመ። «ከጠዋት ጀምሮ ቀላ ያለ ነገር ይታየኛል። ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ዓይንዎ አይደለም። ሰጋቱራው እየጠገበ ነው። ቢቀየር ጥሩ ነበር።»

«ዕቃ ቤት አንድ ማዳበሪያ አለ አሉኝ። አስጨምሪበት።»

«ያ አይነካም።»

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። ሰጋቱራ ነው።»

ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ጊዜ እንደሌለው አስታወሰና እጁን አወናጨፈ። «ተይው። በብርጭቆ አይታወቅም።»

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ከታች ያሉት ሰዎች ውሃውን እየተጠቀሙበት ነው። ልብስ ያጥባሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ። ሕፃን ሲታጠብበት በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም አልከለከላቸውም።»

«የኛ ሥራ ነው እንዴ መከልከል? እኛ ውሃ አከፋፋይ ነን?»

«መውጫውን እንዝጋና ውሃውን ግቢው ውስጥ ባለው አሮጌ ኩሬ እናጠራቅመው። ሶዳውን በአሲድ ማብረድ እችላለሁ። ለጨው ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ጊዜ ይስጡኝ። ዛሬ ደግሞ ለእንግዶቹ እንዳለ እንንገራቸው፤ ማጣሪያው ቀለም ነው የሚያወጣው፣ ገና አላለቀም እንበል።»

ሥራ አስኪያጁ ቀረብ አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲናደድ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነው።

«ስሚኝ። ቀለም አጥፊ አልኩሽ፣ አጠፋሽ። ጎበዝ። ጨው አጥፊ ያለሽ የለም። ጨው መርዝ ነው እንዴ? እቤትሽ ምግብ ላይ አትነሰንሺም? እንግዶቹ ዛሬ ፊታቸው ከጠቆረ የማቅለሚያውን ክፍል እዘጋዋለሁ። ስንት ሰው እንደሚበተን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያዋ ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ቀለም በሌለበት ቀለም አጥፊ ምን ይሠራልኛል?»

«የሕፃኑ ቆዳ ቀልቷል» አለች።

«እናቱ ትጠየቅ!» ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። «እንግዶቹ ሲመጡ እዚህ ቆመሽ ብርጭቆ ትሞያለሽ። ከጠየቁሽ ትመልሻለሽ። ካልጠየቁሽ ፈገግ ትያለሽ። ፈገግታም ከከበደሽ ዝም በይ፣ እሱን ታውቂበታለሽ።»

ትቷት ሄደ። ኬሚስቷ ከመጨረሻው ገንዳ የሚፈሰውን ውሃ ቆማ አየችው። ከመውጫው ጀምሮ ግቢው ውስጥ ክፍት በሆነች ትንሽ ቦይ ይሄድና በሽቦው አጥር ሥር ሾልኮ ይወጣል። የቦዩ ወለል ላይ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ይህን ለማየት ስንት ቀን ምሳዋን ሳትበላ ሰጋቱራ እንዳገላበጠች ታውቃለች። ያን ጊዜ ምሽት ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት አልነበረም፤ ሥራው አጽናንቷት ነበር።

ወደ ማቅለሚያው ክፍል ገባች።

እዚያ እንፋሎቱ ሰውን ከሩቅ አያስለይም። የክፍሉ ኃላፊ ሻምበል የሚሉት ነው፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ሲያዝዝ ግን ጦር ሜዳ ያለ ይመስለዋል። ከኬሚስቷ ጋር አይዋደዱም። ጨው አብዝታችሁ ትጨምራላችሁ ብላ በሁሉም ፊት ከተናገረች ወዲህ ሰላምታዋን እንኳ የሚቀበላት በአገጩ ነው።

«ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋን?» አላት ገና ሳትደርስ።

«ምንም። ኒል ፈልጌ ነው። ለነጩ ጨርቅ ማሳመሪያ የምትጨምሩትን።»

«ኒል?» ሻምበል ሁለት እጁን በመጥረጊያ ጨርቅ አበሰ። «አንቺ ነሽ ኒል የምትፈልጊው? እኛ የቀባነውን ስትልጪ ኖረሽ ኖረሽ? ለምንሽ ነው?»

«ከማጣሪያው ለሚወጣው ውሃ።»

ሠራተኞቹ እጃቸውን አቆሙ።

«አልሰማሁሽም። ከማጣሪያው ለሚወጣው ነው ያልሽው?»

«ሰማያዊ እንዲሆን። ሰዎቹ እንዳይነኩት። ኒል አይጎዳም፤ በቀለሙ ግን ይታወቃል።»

ሻምበል አገጩን አሸ። «አለቃችን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዛሬ? በእንግዶቹ ፊት?»

«ዛሬ።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለና ወደ መደርደሪያው ሄዶ አንዱን ቆርቆሮ አወረደ፤ ጥቂት አስቦ ሁለተኛውንም አወረደ። «ሁለት ውሰጂ። ለአንቺ ፍቅር ብዬ እንዳይመስልሽ። የሱን ፊት ለማየት ነው። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ነው የምሰድብሽ፣ ይሄንን እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

«አድራሻሽንም አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ ከኋላዋ። አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን «ሥራችንን ልታሳጣን ነው እንዴ ይቺ ሴትዮ?» ሲል ሰማችው፤ በዚህ የሳቀ አልነበረም።

ከታች ትንሽ ቧንቧ ያላት የላቦራቶሪ ቆርቆሮ ነበረቻት። ኒሉን በውሃ በጥብጣ ሞላቻት። ውሃው ግቢውን ለቆ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ካለው የአጥር ምሰሶ ጋር በሽቦ አሰረቻት። ቧንቧዋን ስትነካው አንድ ጠብታ ወረደ፣ ከዚያ ሌላ። ጠብታው ውሃው ላይ ሲያርፍ እንደ ጭስ ተበተነና ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

እንግዶቹ አንድ ሰውዬና አንዲት ሽበታም ሴት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ገንዳዎቹን በየተራ እያሳየ ስለ ሰጋቱራው አወራ፤ ዛፍ ያበቅለዋል፣ አናጺ ይጥለዋል፣ እኛ እናነሳዋለን፣ እያለ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚናገረው። አብዛኛው ቃል ኬሚስቷ አንድ ቀን የነገረችው ነበር። ከዚያ ብርጭቆዎቹ ተሞሉ። ሰውየው ለመለየት ሞክሮ አቃተውና ሳቀ። ሴትየዋ ብርጭቆዎቹን አላየችም። በትከሻቸው ላይ አሻግራ አጥሩን ታያለች።

«እዚያ ጋ ምንድነው?» አለች። «ከዚህ የሚወጣው ጠርቷል። እዚያ ግን ሰማያዊ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ለአፍታ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«ኒል ነው» አለች ኬሚስቷ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ለምን?»

«ማጣሪያው ቀለሙን ነው የሚያወጣው። ጨውና ሶዳ አሁንም አለበት። ከታች ያሉት ሰዎች ጠርቶ ስላዩት ንጹህ መስሏቸው ልጅ ያጥቡበታል። በፊት በቀለሙ ያውቁት ነበር፣ አይነኩትም ነበር።»

ሰውየው ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። እጁን በሱሪው አበሰ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እጁን በኬሚስቷ ትከሻ ላይ ሊያደርግ ብሎ ተወው። «ይቅርታ አድርጉላት» አለ ለእንግዶቹ፣ እሷም እንድትሰማው አድርጎ። «ጎበዝ ሠራተኛችን ናት። ባሏን ካጣች ወዲህ ግን አንዳንዴ…» ጣቱን ጆሮው አካባቢ አዞረ።

ኬሚስቷ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሽበታሟ ሴት ፊቷን አየቻት፤ እዚያ የምታገኘው ነገር አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ሰማያዊውን ውሃ ፎቶ አነሳች፣ ከዚያ ቆርቆሮዋን፣ ከዚያ ጠርቶ የሚወጣውን።

«እንነጋገርበታለን» አለች ለሥራ አስኪያጁ። ለግብዣ የተዘጋጀው አዳራሽ ክፍት ሆኖ ሳለ እንግዶቹ በቀጥታ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሸኝቷቸው ሲመለስ ዘበኛውን አስከትሎ ነው። ድምፁ ከመቼውም ይልቅ ዝቅ ብሏል።

«ያንን ነገር አሁኑኑ ትዘጊዋለሽ። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ለሱ ታስረክቢና ትወጫለሽ። ነገ ዓይንሽን እንዳላይ።» ከዚያ ወደ ዘበኛው፣ «ስትዘጋው ቆመህ እይ። አንተም ከሷ ጋር መሄድ ካልፈለግህ።»

ሥራ አስኪያጁ ከሄደ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ተነሳ። መታጠፊያው ጋ ሴቶቹ ቆመዋል። አንዷ ጀሪካኗን ገልብጣ መንገዱ ላይ ታፈሳለች። «ይኸው! ያው አመላቸው ተመለሰ!» ትላለች። «ይንሳችሁ! አንድ ደህና ነገር አይበረክትላችሁ!» ወፍራሟ ሴት ሰማያዊ የነካውን አንሶላዋን እንደ ሰንደቅ አንስታ ወደ ፋብሪካው እያራገበች ትራገማለች። ሕፃን ያቀፈችው እናት ሳፋዋን ደፍታ ጀርባው ላይ ተቀምጣለች። እሷ አትሳደብም፤ ልጁንም ወደ ውሃው አላቀረበችም።

እታለም በአጥሩ በኩል እየሮጠች መጣች። በእጇ የላስቲክ ጆግ ይዛለች።

«ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ? አንዴ ታጠሪዋለሽ፣ አንዴ ታጠቁሪዋለሽ! ሰው መጫወቻሽ ነው?»

«አትንኪው፣ እታለም። እንዳትነኩት ብዬ ነው።»

«እና የተረፉትን በምን ላጠጣ? በእንባዬ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም! የተማረችዋ አታውቅም!» ጆጉን በሽቦው ፊት ለፊት ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ደግሞ ምን ታመጫለሽ? ይኸው እይ፣ ከማሳዬ ጥግ ነው የቀዳሁት። እነሱ ጋ ነው ሰማያዊ። እኔ ጋ እስኪደርስ ጠርቶልሻል!»

ኬሚስቷ በሽቦው መካከል አየችው። ውሃው ለጠረጠረ ዓይን ብቻ ሰማያዊ ነው። ላልጠረጠረ ግን የጠራ ነው፤ የእታለም ጣቶች በጆጉ ማዶ አንድ በአንድ ይታያሉ። ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል። አውራ ጣቷ አጭርና ሰፊ ነው፤ የወንድሟም እንደዚያ ነበር።

«ሄጄ አጠጣበታለሁ» አለች እታለም። «ከልካይ ነኝ የምትይ ከሆነ ነይና እጄን ያዢኝ።»

ፊቷን አዞረችና ቦዩን ተከትላ ወደ ማሳዋ ወረደች፤ ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ በእርምጃዋ ልክ እየዘለለ ቀሚሷን ያርሰዋል።

ዘበኛው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዝጊው ተብለዋል እኮ። እኔንም አያስበሉኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ኬሚስቷ።

የላቦራቶሪውን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ በእጁ አኖረችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የቆርቆሮዋን ቧንቧ ያዘች። ዘበኛው ተነፈሰ። እሷ ግን እታለም ከመታጠፊያው ወዲያ እስክትሰወር ድረስ አላንቀሳቀሰችውም፤ የማሳውን ርቀት በዓይኗ ትለካ ነበር። ከዚያ ቧንቧውን ወደሚከፈትበት አዞረችው። ጠብታው ከጠብታ ጋር ተያያዘና ክር ሆኖ ወረደ።